ከእስቱኮው በታች

ሰው እመት መዶሻ የሚላት የጋራዡ ቀጥቃጭ መሮዋን አስጠግታ ስትመታው ከአንዲት ስፖርት መኪና የፊት ጎማ ፓራፋንጎ ላይ መዳፍ የሚያህል የጉድጓድ መሙያ እስቱኮ ተገምሶ ወደቀ። አንስታ ውፍረቱን በአውራ ጣቷ ለካችና ለባለመኪናው አሳየችው።

"ይኼ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር?"

"ገና ምኑ ታይቶ።"

ባለመኪናው የጥርስ ሐኪም ነው። ይህችን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ መኪና ከአንድ ነጋዴ የገዛት በቅርቡ ነው። ጥላ ውስጥ እንከን የላትም፤ ፀሐይ ሲያገኛት ግን ቀዩ ጎኗ ሞገድ ሞገድ ይላል፣ መብራቷ ዙሪያም ቀለሙ ተሰነጣጥቋል።

"እኛ ጋ እንዲህ አድርጎ ጥርስ የሚሞላ ሰው ፈቃዱን ይቀማል" አለ ሐኪሙ። "ማነው የሠራው? መልኩን እንኳ ባየሁት።"

"ተዉት ዶክተር፣ ይኼኔ እሱም ረስቶታል።"

ሐኪሙ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አስጭኖ ቀለም ቀቢው ዘንድ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዟል። አደራውን ደጋግሞ ወጣ።

የቀረውን እስቱኮ ስትፍቅ ከሥሩ አንድ የብረት ጥጋኝ ብቅ አለ። ዝገት የበላው ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው አዲስ ላሜራ ተበይዷል። ብየዳው ጥቅጥቅ ያለና ንጹሕ ነው። የጥጋኙ ማዕዘኖች ደግሞ ክብ ናቸው። እመት መዶሻ መሮውን አስቀመጠች። ሹል ማዕዘን ቆይቶ ይሰነጠቃል ብሎ ጥጋኝ ሁሉ አክብቦ የሚቆርጥ ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባቷ ነው።

ያኔ ትዝ አላት። አራስ ቤት ሳለች አንድ ነጋዴ ፓራፋንጎ ብቻውን ፈትቶ አምጥቶ ነበር። አባቷ ለብቻው ሠርቶ ሲጨርስ ስልክ ደውሎ "እጄ ገና አልከዳኝም" ብሏታል። ብየዳው እውነትም አልከዳውም። በጥጋኙ ዙሪያ ያለው ላሜራ ግን እዚህ ጎብጧል፣ እዚያ ጎድጉዷል። ዓይኑ ያየውን ጉብታ እጁ ሊያገኘው ስላልቻለ እስቱኮ በእስቱኮ ላይ ሲደርብ ኖሯል።

በዚህ ጋራዥ አባቷ በስስ ጨርቅ ላይ መዳፉን አድርጎ ጉብታ ጉድጓዱን ሳይዳስሰው የሚወጣ መኪና የለም። ድሮ "ከዚህ ጋ ይቀረዋል" እያለ ያንገበግባት ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሁሉንም በእሺታ ያሳልፋል፤ እሷም እጄ ተሻሽሎ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። የስኳር በሽታው ጣቶቹን እንዳደነዘዘው ልብ አላለችም። አሁን ሲገባት አፈረች፤ አባቷም አሳዘናት።

"ምን አገኘሽ?" አባቷ ከደጅ ተነሥቶ መጣ።

ጥጋኙ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። "ዝገት ነው አባዬ። አቧራ ነው እዚህ፣ ሂድ ፀሐይህን ሙቅ።"

"አቧራ ደግሞ ዛሬ ነው የጀመረኝ?" ጨርቁን ገለጠው። "ብየዳው ጥሩ ነው።"

"በጣም ጥሩ ነው።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እሷ ከውስጥ በብረት እየደገፈች ከላይ በመዶሻ ስትቀጠቅጥ ዋለች። ጥጋኙን አልነካችውም። የቸኮለችው ለቀለም ቀቢው አልነበረም፤ ሐኪሙ 'ማነው የሠራው' የሚለውን ጥያቄ አባቷ ፊት ሳይደግመው መኪናዋ ከግቢው እንድትወጣላት ነው።

ሐኪሙ ጫኚውን አስከትሎ መጣ።

"ደረሰልሽ?"

"ደርሷል፣ ይውሰዷት።"

"አባባ ሳይዳስሷት? ይኼንማ ሰው ሁሉ ነው የሚያወራው።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ያን ጉድ የሠራውስ ሰው ታወቀ?"

እመት መዶሻ አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደማት።

"እኔ ነኝ" አለ።

ሐኪሙ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። "አባባ፣ እኔ እንደው... እንዲህ ማለቴ..."

"ልክ ነህ። ጉድ ነው።" ሽማግሌው ከደረት ኪሱ ስሱን ጨርቅ አወጣና ለልጁ ዘረጋላት። "የእኔ እጅ አይሰማም። አንቺ ዳስሺው።"

"አባዬ..."

"ዳስሺው አልኩሽ እኮ።"

ጨርቁን ተቀበለችው። መዳፏን አሳርፋ ከበሩ ጀምራ ወደ መብራቱ ቀስ ብላ ሄደች። ጎኑ ደህና ነው። ጥጋኙም ደህና ነው። መብራቱ ሥር ስትደርስ እጇ ትንሽ ሰመጠ። ቅድም ስትቀጠቅጥም አግኝታው ነበር፤ ቀለም ይሸፍነዋል ብላ ነው ያለፈችው። ሁለቱም ያይዋታል፤ ጫኚው ሰንሰለቱን ይዞ ቆሟል።

"ከዚህ ጋ ይቀረዋል" አለች።

"ቀለም ቀቢው እኮ ተራዬን ለሌላ ይሰጥብኛል" አለ ሐኪሙ።

"ይስጥ ዶክተር። ዛሬ አትወጣም።"

ሐኪሙ አባትየውን ቢያይ አባትየው ቀና አላለም። ጎንበስ ብሎ የእጅ መብራቱን ከመሬት አነሣና ልጁ ወደምትሠራበት አስጠግቶ ያዘላት።