የዱብቲዋ ኮከብ አስተባባሪ

መኪናው መጀመሪያ የታየው አየር ላይ ነው። ከሰርዶ በኩል፣ አስፋልቱ ከሰማይ ጋር በሚገናኝበት፣ ውሃ በሚመስል ነገር ላይ ተንሳፍፎ፣ ጎማ የሌለው ጀልባ መስሎ እየዋዠቀ መጣ። ኡሙሀኒ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈችና እጇን ታውለበልብ ጀመር።

“ገና ነው እትዬ፣ ሩቅ ነው። ይሄ የሰመራ ሜዳ ዐይን ያታልላል” አላት ሣህሌ።

“ቢያታልልም ላውለብልብ። ሳያየን ቢያልፍስ?”

ጊዜው የ1978 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም። ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት፣ ነፋስና ፍየል የሚመላለሱበት ሜዳ ነው። ከዱብቲ ወደ አዋሽ የሚሄድ ሰው በእርሻ ትራክተር እስከ አስፋልቱ ይመጣና ከአሰብ የሚወጣ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ሁለቱም ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ፀሐይዋ አናታቸው ላይ እስክትደርስ እዚያ ቆይተዋል። ሣህሌ የዱብቲ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱን እስከ ዛሬ ያልለመደ ቀጭን ሰው። ኡሙሀኒ ከባቲ መጥታ ዱብቲ ላይ ሻይ ቤት የከፈተች የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏን ወባ ከወሰደባት ስድስት ዓመት ሆኗታል። በማግስቱ አዋሽ ላይ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ የዓመቱ ኮከብ የበጎ ፈቃድ አስተባባሪ ተብላ ሜዳሊያ ልትቀበል ነው። ስሟን ጽፎ የላከው ሣህሌ ነው።

መኪናው ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ከማሉዲን የሚባል የከሚሴ ሰው ነበር። ጋቢና ውስጥ አስገብቷቸው ጥቂት እንደ ሄዱ፣

“ለምን ጉዳይ ነው አዋሽ?” ሲል ጠየቀ።

“ሊሸልሟት ነው” አለ ሣህሌ፣ የራሱ ሽልማት ያህል ደረቱን ነፍቶ።

“ምን አድርጋ?”

“ሰው አስተባብራ።”

ከማሉዲን ሳቅ አለ። “ሰው ሲያስተባብሩማ ብዙ አይቻለሁ። ስም ይጠራል፣ ሰው ‘አቤት’ ይላል፣ ጠሪው ዞር ሲል ሰውየው የለም።”

“የእሷ አይጠፉም።”

“እንዴት አድርጋ ያዘቻቸው?”

ሣህሌ መልሱን ከእሷ እንዲሰማ ወደ ኡሙሀኒ ዞረ። እሷ ግን አልሰማችም። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሎጊያ ታልፎ ሚሌ ታልፎ፣ መንገዱ እያወዛወዘ በሚወስዳትና በሚመልሳት እንቅልፍ ውስጥ ነበረች። በእንቅልፏ ውስጥ አንድ ሰው ስሟን ይጠራል። ድምፁ የማን እንደ ሆነ አታውቀውም፤ ብቻ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ እያስረዘመ ይጠራና ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። በዕድሜዋ፣ ሙሉ ስሟ ሰው ፊት የተጠራው በኒካዋ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሟ ባለፈው ረመዳን ከባቲ መጥቶ፣ “የሰው ልጅ ላጠጣ ስትይ ሻይ ቤትሽን ሸረሪት አደራበት። ማን አመሰገነሽ?” ብሏት ነበር። አሁን በግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆና፣ አየህ አይደል፣ ትለው ነበር።

የተጀመረው በድርቁ ዓመት ነው። ከብት ያለቀባቸው አፋሮችና ከወሎ ደጋ የወረዱ ገበሬዎች መጥተው ከዱብቲ ዳር፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ሰፈሩ። ድንኳን ተተከለ፣ ዱቄትም መጣ። ውሃ ቀድቶ፣ አፍልቶ፣ አጥሚት አድርጎ ለሕፃናቱ የሚያደርስ እጅ ግን ጠፋ። በትእዛዝ የተሰበሰበው ሰው በመጀመሪያው ቀን አርባ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ስድስት ቀረ። ያን ጊዜ ኡሙሀኒ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በየቤቱ ዞረች። አትሰብክም፣ አትቆጣም። “ነገ ጠዋት ትችያለሽ?” ትላለች። አልችልም ያለቻትን “ደህና ዋይ” ብላ ታልፋለች እንጂ ምክንያት አትጠይቅም፣ ሌላ ቤት ገብታም አታማት። በሳምንቱ ያቺው ሴት ጀሪካኗን ይዛ ራሷ ትመጣለች። ወገቧን የሚያማትን ምድጃ ዳር፣ ድምፅ ያላትን ሰልፉ ራስ ላይ ታቆማለች። ሀምዳ የምትባል አፋር፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ልጇ የሞተባት፣ ልሥራ ብላ ስትመጣ ከሕፃናቱ አርቃ ውሃ ላይ መደበቻት። ከሁለት ወር በኋላ ሀምዳ ራሷ መጥታ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ “አሁን ቅርብ አድርጊኝ” አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያሉ በዓመቱ ስልሳ ሁለት ሴቶች ሆኑ።

አዋሽ የደረሱት አመሻሹ ላይ ነው፤ አደሩ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር እንግዶቹን አራግፎ፣ ፉጨቱን ገደሉ ውስጥ አስተጋብቶ ወደ ድሬዳዋ አለፈ። ኡሙሀኒ ባቡር በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጭስ ሸፍኖት የነበረው ጣቢያ ቀስ እያለ ሲገለጥ፣ ዛፎቹም፣ በነጭ ቀለም የተቀቡት ድንጋዮችም፣ እሷም ራሷ ለዚህ ቀን ብቻ የተሠሩ መሰላት።

በአዳራሹ በር ላይ አንድ ካኪ የለበሰ፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ተቀበላቸው። የበዓሉ አዘጋጅ ነው፤ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ይሉታል።

“ጓዲት ኡሙሀኒ? እንኳን ደስ ያለሽ። ሜዳሊያውን ከተቀበልሽ በኋላ ይህችን ታነቢያለሽ። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?”

“በመሠረተ ትምህርት ተምሬአለሁ። ቀስ እያልኩ ነው።”

“ቀስ ማለቱ ጥሩ ነው።”

ከአዳራሹ ጎን ከኒም ዛፍ ሥር ቆማ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መጀመሪያ ምስጋና ነው፤ ከዚያ ሰላምታ ነው። መጨረሻው ላይ ጣቷ ቆመ። “እኔና የማስተባብራቸው ስልሳ ሁለት ሴቶች፣ ለመጪው የጥጥ ለቀማ፣ ለሁለት ወር በፈቃዳችን ለመዝመት ቃል እንገባለን” ይላል።

እንደገና አነበበችው። ሰዓዳ ስምንተኛ ወሯ ነው። የዓለምወርቅ የታመመ ባል ታስታምማለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ፣ በዐይኗ ፊት አለፉ።

ወደ ሀብተ ሥላሴ ተመለሰች። “ጓድ፣ ይህን እነሱ አያውቁትም። አልጠየቅኳቸውም።”

“ስትመለሺ ትነግሪያቸዋለሽ።”

“መንገርና መጠየቅ አንድ ነው እንዴ?”

ሀብተ ሥላሴ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እህቴ፣ ከገዋኔ ወዲህ ያለው እርሻ ጥጡ ፈንድቶ ሰው የለም። ከየቦታው ይህን ያህል ሰው ታመጣለህ ተብያለሁ። እኔንም ጠይቀው አይደለም እዚህ ያመጡኝ። ልጆቼ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ዓመት ሆነኝ ካየኋቸው።”

“አይዞህ” አለችው፤ አንቱታው ሳታውቀው አመለጣት። ሰውየውም የተቀየመ አይመስልም።

“አንብቢው። ማንም ቆሞ አይቆጥርም። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።”

አዳራሹ ውስጥ ሞቅ ያለ ነበር። ማራገቢያው ከጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የሰዉ ፊት ከሥሩ እንደ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ይርገበገባል። ንግግር ተደረገ፣ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ስሟ ተጠራ። ልክ በእንቅልፏ እንደ ሰማችው፣ ከነአባቷ፣ እየተሳበ። እግሯ ወለሉን የነካ አልመሰላትም። የክብር እንግዳው ሜዳሊያውን ደረቷ ላይ ሲያደርጉላት፣ ብረቱ በቀሚሷ አልፎ ቀዘቀዛት። ጭብጨባው ዝናብ ይመስል ነበር፤ እዚያ አገር የማይዘንብ ዓይነት ዝናብ። ዕድሜ ልኳን እዚያው ቆማ ብትሰማው በወደደች።

ወረቀቱን ዘረጋች። ምስጋናውን አነበበች፣ ሰላምታውን አነበበች። መጨረሻው ላይ ጣቷ እንደገና ቆመ። ሣህሌ ከሦስተኛው ረድፍ አንገቱን አስግጎ ያያታል። ሀብተ ሥላሴ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ያቀብላታል፤ ፊደሉ የከበዳት መስሎታል።

“እኔ” አለች፤ ትንፋሿን ወሰደች። “እኔ ኡሙሀኒ፣ ለመጪው የጥጥ ለቀማ፣ ለሁለት ወር በፈቃዴ ለመዝመት ቃል እገባለሁ።”

አዳራሹ አጨበጨበ። የጎደለውን ያስተዋለ የለም።

ሲያልቅ ሀብተ ሥላሴ ከበሩ ጀርባ አገኛት። “ቃሉን ለወጥሽው።”

“ፊደል የተማርኩት በቅርብ ነው፣ ጓድ። ብዙ ቁጥር ይከብደኛል።”

ሊቆጣ ነው ወይስ ሊስቅ፣ ራሱም የወሰነ አይመስልም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ግድግዳው ላይ ዘረጋ፤ ከዱብቲ ስንት ሰው እንደሚዘምት የሚሞላበት አንድ ባዶ ቦታ ነበር። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

“ስልሳ ሦስት ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም” አለ።

“እርስዎ ያውቃሉ።”

“ሁለት ወር ነው። ፀሐዩን ታውቂዋለሽ። ብቻሽን ነሽ።”

“እንዳልኩት ይጻፉ።”

አንድ ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አጣጥፎ ሳይሰናበታት ሄደ።

በመልሱ መንገድ ገዋኔ ደረሱ። ሣህሌ ፊቱን ሳያዞር፣ “እኔ ነኝ ጉድጓድ ውስጥ የጣልኩሽ። ስምሽን ባልጽፍ ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር” አላት።

“ተው አንተ ልጅ። ስሜን አስጠራህልኝ እኮ! ወላሂ፣ ደስ ብሎኛል። ሳልዋሽህ፣ ሲያጨበጭቡ እንዲያቆሙ አልፈለግሁም።”

“ታዲያ ጥጡስ?”

“ጥጥ ከሰው አይከብድም። እኔን ያሳሰበኝ ውሃው ነው። ከነገ ወዲያ መኪና ይወስድሻል ተብያለሁ። ማን ይያዘው?”

ሣህሌ አሰበ። “ንጋትወርቅ ትሁን። አስተማሪ ናት፤ ጽሕፈቷም ያምራል፣ ስብሰባ ላይም መናገር ትችላለች።”

ኡሙሀኒ ሜዳውን ታያለች። የግራር ጥላዎች ከግንዳቸው ተለይተው ለብቻቸው የሚሄዱ ይመስላሉ።

“ሀምዳ ናት” አለች በመጨረሻ።

“እትዬ፣ ሀምዳ’ኮ ከተረጂዎቹ ናት። ስሟ የትም ዝርዝር ላይ የለም።”

“እኔ ታምሜ የተኛሁ ቀን ሴቶቹ ማንን ሲጠይቁ ነበር? አንተ ራስህ ዱቄቱን ለማን አስረከብክ?”



በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ቀዝቀዝ ሳለ፣ ሴቶቹ ቦዩ ዳር ተሰብስበው ነበር። ኡሙሀኒ የሆነውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ጫጫታ ተነሣ። “እንሄዳለን አብረንሽ!” የሚሉ ነበሩ፤ ሰዓዳ ሳትቀር ሆዷን ደግፋ “እኔም” አለች።

“ማንም አልጠየቃችሁም፤ እናንተም አትመልሱ” አለቻቸው። “ሕፃናቱ ዛሬም አጥሚት ይጠጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን የምትደለድለው ሀምዳ ናት። ትናንት ማታ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።”

አንዳንዶቹ ተያዩ። “አማርኛውን እንዴት ልትወጣው ነው?” አለች አንዷ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

ሀምዳ ወደ ፊት መጣች። ረጅም ናት፤ ስትቆም እንደ ምሰሶ ናት። ለመናገር አልቸኮለችም። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና በእጇ ለየቻቸው፤ ግማሹን በአፋርኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ሁልጊዜ ከቅርቡ የቦይ ዳር ይቀዱ የነበሩትን ዛሬ ከቦዩ ድልድይ በላይ፣ ከብት ወደማይወርድበት፣ ራቅ አድርጋ ሰደደቻቸው። ድምፅ ያላትን ከሰልፉ ራስ አንሥታ ዝምተኛዋን አቆመች።

ኡሙሀኒን ምላሷን በላት። ኧረ ሀምዳ፣ እዚያ ድረስ ሄደው መቼ ሊመለሱ ነው፣ ልትላት አፏ ላይ ደርሶባት ነበር። ሴቶቹም ይህን ጠብቀው ዞር ዞር እያሉ ያዩዋታል፤ አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ወደ ለመዱት የቦይ ዳር ይመለሳሉ።

ጎንበስ ብላ ባዶ ጀሪካን አነሣች። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሰዓዳ ኋላ ገብታ ቆመች። ሰልፉ ቀስ እያለ አለቀና ተራዋ ደረሰ።

“እኔስ ወዴት ልሂድ?” አለች።

ሀምዳ ፈገግ አላለችም። ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከተቻት፤ ጀሪካኑንም አየችው፣ መንገዱንም አየችው።

“አንቺ ምድጃ” አለች። “ውሃ አይደለም። ነገ መንገድ አለሽ።”

ኡሙሀኒ ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ምድጃው ሄደች።