የሐዲድ ዳር ጭቃ

ኔሪስ እሾህ መቁረጥ አትወድም። የመጣችው ለእሳቱ ነው። በዚያ የዌልስ ሸለቆ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት በሚንቀሳቀሰው አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ለመሆን፣ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ቀን የሐዲዱን ዳር ቁጥቋጦ መመንጠር ግድ ነው። የቡድኑ መሪ ክሌም ያልፈረመበት ቀን ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። አሥራ አንዱን ፈርሞላታል። ከነገ ጀምሮ ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩ እስከ መጪው መስከረም መጋዝ አይነሳም፤ ዛሬ ካልተፈረመላት ሥልጠናው ለዓመት ይተላለፋል።

ጠዋት ቦታ የደለደለው ክሌም ነው፤ ኔሪስ ባቡር በሚያልፍበት ቀን ስትሠራ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። ነባሩ አልዊን ባቡር ሲመጣ አይቶ ለማስጠንቀቅ ድልድዩ ላይ ወጣ። ከኔሪስ ቀድማ የገባችው ማቪስ ከላይ ከአጥሩ ሥር፣ ኔሪስ ከታች ኩርባው ላይ፣ ከሐዲዱ አጠገብ። አዲስ ሰው ምንጊዜም እዚያ ነው የሚቆመው አላት ክሌም። ለምን ብላ አልጠየቀችም። እሾሁ ውስጥ ነጭ ወረቀት ተጠላልፏል፤ በጓንቷ ስትስበው እንደ ራሰ ዳቦ ተቆረሰ። ማቪስን ብትጠይቃት፣ መንገደኞች የሚጥሉት የአፍ መጥረጊያ ነው ብላ ፊቷን አዞረች።

አምስት ሰዓት ገደማ አልዊን ጡሩምባውን ነፋ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሥራ ይቆማል፣ ከሐዲዱ ይራቃል፣ ፊት ወደ ባቡሩ ይዞራል፣ ነጂው መታየቱን እንዲያውቅ አንድ እጅ ይነሳል። ኔሪስ ሁሉንም አደረገች። ሎኮሞቲቩ አለፈ፣ ፉርጎዎቹ ተከተሉ። ከመጨረሻው ፉርጎ ሆድ ሥር አንድ ነገር ተረጨ። ጉንጯን፣ ከንፈሯን፣ በተነሳው እጇ እጅጌ ውስጥም እስከ ብብቷ ወረደ። ለብ ያለ ነበር። ምን እንደሆነ ሽታው ነገራት። ቁርሷን እዚያው የቆረጠችው እሾህ ላይ አስመለሰች።

ማቪስ ፎጣ ይዛ ወረደች፤ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ርሶ የተጨመቀ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ፎጣ።

ያንን ፉርጎ ዘጠኝ ዓመት ለፍቶ ያደሰው ክሌም ነው። ስለ ናሱና ስለ እንጨቱ ደጋግሞ ነግሯታል፤ ስለ መጸዳጃው አልነገራትም።

«የመጸዳጃውን ማጠራቀሚያ ታንከር ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አለ አሁን ወደ እሷ መጥቶ። «ድሮ አልነበረውማ። ቀጥታ ሐዲዱ ላይ ነበር የሚወርደው። ወይ እንደ ድሮው ይሠራል፣ ወይ አይሠራም።»

«ድሮ ኮሌራም ነበር» አለችው። «እሱንም ያድሱልን እንጂ።»

አልዊን ከድልድዩ ላይ ሳቀ። «ተዋት ክሌም፣ የልጅቷ አፍ ገና አልደረቀም።»

ክሌም የቀን መዝገቡን ከቦርሳው አወጣ። እያንዳንዱ ሰው የሠራውንና የደረሰበትን በእጁ ይጽፋል፤ መሪው ከሥሩ ይፈርማል። መዝገቡን በየዓመቱ የጤና ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ እውነቱን ካየ ደግሞ ያ ፉርጎ ይቆማል።

«ጭቃ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ» አለ ክሌም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እፈርማለሁ። ቅዳሜ ሎኮሞቲቩ ላይ ነሽ።»

ባዶ ገጽ ስትፈልግ ወደ ኋላ ገለጠች። አምና ጥር፣ በማቪስ ጽሕፈት፦ «ፊቴ ላይ ጭቃ ተረጨ።» ከገጹ አናት የዕለቱ አየር ተጽፏል፤ ከዜሮ በታች ስምንት፣ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። ካቻምና፣ በአልዊን ጽሕፈት፦ ጭቃ፣ ካፖርቴ ላይ። ያም ቀን ውርጭ ነበር። ሌላ ገጽ፣ የማታውቀው ስም፣ ጭቃ። ሁሉም ኩርባው ላይ ቆመዋል፣ ሁሉም ቀምሰዋል፣ ከዚያ ወደ አጥሩ ወጥተው ቦታውን ለሚቀጥለው ለቀዋል። ፎጣውም ከቤት ርሶ የመጣው ለዚሁ ነው። ቀና ብላ ማቪስን አየቻት። ማቪስ ፎጣውን ደጋግማ ብታጥፈውም ልትጨርሰው አልቻለችም።

እነዚህ ሰዎች ከተረጨው ነገር በላይ አስጠሏት። እስክሪብቶውን ያዘች። ስለ እሳቱ አሰበች፣ ስለ ቅዳሜ። ጭቃ ብላ ጻፈች።

ክሌም ፈረመና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። መስከረም አዲስ ሰው ሲመጣ እሷም ከላይ ከአጥሩ ሥር እንደምትሆን ነገራት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ዞር አለችና ተፋች።