ያልታጠበው ጋቢ

ባሌን ድረስን ላቀው የሚባል ጎረቤታችን በእርሻ ድንበር ጠብ ሲገድልብኝ ልጃችን፣ ያለው ነው ስሙ፣ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ላቀውም ተፈርዶበት ሩቅ ወህኒ ወረደ። ጅጋ አጠገብ ካለው ቀያችን ተነቅዬ ፍኖተ ሰላም ስገባ ይዤ የመጣሁት ልጄንና አንድ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ የድረስ ጋቢ አለ፤ ከነደሙ። በእኛ ቀዬ ባሏ የተገደለባት፣ ወንድ ልጅም ያላት ሴት ጋቢውን አታጥብም። ልጁ ሲጎረምስ አውጥታ ታሳየዋለች፤ የቀረው የእሱ ፋንታ ነው።

እኔ ግን እስኪጎረምስ መች ጠበቅሁ! ገና በስድስት ዓመቱ ሳጥኑን ከፍቼ «ይኼ የአባትህ ደም ነው፤ ያፈሰሰው ላቀው ነው» አልኩት። እያለቀሰ አልጋ ስር ገባ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብዬ ጎትቼ አወጣሁት። ሁለተኛ ክፍል ሳለ የሰው ውሻ በድንጋይ ቀጥቅጦ ገደለ፤ እኔ እቴ፣ ልጄ ልበ ሙሉ ነው እያልኩ ለጎረቤቴ ለንግሥቴ ጉራዬን ነዛሁባት። የክፍል ጓደኛውን ጥርስ ያወለቀ ዕለት ደግሞ እንቁላል ጠበስኩለት። በማግስቱ አስተማሪው መምህር ወልደ ዮሐንስ አስጠሩኝ።

«ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው የጠራሁዎ። ይኼ ልጅ ሰው ሲመታ ተቆጥቶ አይደለም፤ ሥራ እንደታዘዘ ነው። ቤት ውስጥ ምን ይሰማል?»

«የአባቱን ስም ይሰማል!» ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ አዋቂ መሰለው እያልኩ እስከ ቤቴ አጉረመረምኩ።

ያለው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ማረሚያ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ናሁሰናይ የሚባል እስረኛ ድንች ይልጥልኝ ነበር። ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ፍርዱ ሃያ ዓመት፤ ቀና ብሎ እንኳ የማይናገር ልጅ ነው። አንድ ቀን፣ ማንን ገድለህ ነው አልኩት።

«የአጎቴን ገዳይ ልጅ። ልጁን አላውቀውም፤ አጎቴንም አላውቀው።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

«እማማ፣ እኔ በልጅነቴ ሰው መትቼ ስገባ ቤት እልል ይሉልኝ ነበር። እናቴ እንቁላል ትጠብስልኝ ነበር።»

ቢላው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ የላቀውን ስም ቤቴ ውስጥ አላነሳሁም። መምህሩ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም ቂም አልያዙብኝ፣ ልጄን ከትምህርት በኋላ አናጢ ዘመዳቸው ዘንድ አስገቡልኝ። ሳጥኑን ግን መክፈት ፈራሁ። ጋቢውን ማጠብ ድረስን መካድ መሰለኝ፤ ማቆየት ደግሞ ልጄን በገዛ እጄ ለናሁሰናይ ዕጣ ማጨት። ይኼን ሳሰላስል አምስት ዓመት አለፈ።

በሚሊኒየሙ መስከረም ልጄ ቡሬ ሄዶ የእንጨት ሥራ እየተማረ ነበር። ንግሥቴ ሮጣ መጣች።

«ሀብቴ፣ ሰምተሻል? ላቀው በይቅርታ ተፈቷል። ቡሬ እኅቱ ቤት ገብቷል አሉ።»

ዘልዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ጋቢው የለም።

መናኸሪያ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አውቶቡሱ ማንኩሳ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ረዳቱን ሰደብኩት። «እናቴ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለኝ። ምን ልበለው? ልጄን ሰው እንዲገድል ያሳደግሁት እኔ ነኝ ልበለው?

ቡሬ ስደርስ ቀትር ነው፤ ዝናብ ያካፋል። የተከራየውን ክፍል በር ሳላንኳኳ በረገድኩት። ያለው አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ የአባቱን ጋቢ ተከናንቦ ዳቦ በሻይ ይበላል። ጋቢው ነጭ ነው።

«እምዬ! ምነው፣ በደኅናሽ ነው?»

«ደሙስ?» አልኩ።

አንገቱን ደፋ። «አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ፣ አንቺ ሥራ ሳለሽ አጠብኩት። በሳሙና እምቢ ብሎኝ በእንዶድ ነው የለቀቀልኝ። ትቆጪኛለሽ ብዬ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ወደዚህ ስመጣ ያዝኩት፤ ቡሬ ብርድ ነው፣ ሌላ የምለብሰው የለኝም።»

«ላቀውንስ ሰምተሃል?»

«ትናንት ገበያ ላይ አየሁት። አርጅቷል። ጥቂት እርምጃ ተከተልኩት፣ አልዋሽሽም። ቆሜ አየሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የምጨርሰው በር ነበረኝ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን እያልኩ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረው ድንጋይ ተነሣልኝ። ልጄ ያበድኩ መስሎት የጋቢውን ጫፍ ዘርግቶ አለበሰኝ። ይሞቃል።

ከዚያ ተነሥቼ ማዶ ካለው ሱቅ አራት እንቁላል ገዛሁና በእሱ ምድጃ ጠበስኩለት። መጥበሻውን ሲያይ ክው አለ። ለካ አልረሳም።

«ብላ» አልኩት። «የዛሬው የሚገባህ ነው።»