ያጠረው ጉብኝት

«ሁለተኛው ድንኳን እንዲገባ ይቺ የበረንዳ ምሰሶ መቆረጥ አለባት» አሉ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዲንሳ።

ዘርፈሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሰማቻቸው። ባሏን ወልደሰንበትን የቀበሩት ትናንት ነው። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ በበረንዳው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ሚስማር መትተው ሸራ ወጠሩበት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የበረንዳው መከታ ተነቅሎ ለንፍሮው ማገዶ ሆነ። ሁሉም ለእሷ ብሎ የሚለፋ ነው፤ ማንን ትቆጣ? ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው።

«ወርቂቱ፣ እባክሽ ተዉ በያቸው» አለቻት አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤቷ።

«የእድር ሰው ይቆጧል እንዴ?» አለች ወርቂቱ በሹክሹክታ። «ነገ ሰልስት ነው፤ ከጊንጪም ከእጃጂም ሰው ይመጣል። የት እናስቀምጠው? ደግሞ አንቺ ራስሽ ባልሽን ‹ይህን አሮጌ እንጨት ንቀልልኝ› ስትዪው አልነበር?»

ብላዋለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እየደቀነች ትነዘንዘው ነበር። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ እሁድ እሁድ ሰው ሰብስቦ የአምቦን አሮጌ ቤቶች በእግር ያስጎበኛል፣ የገዛ ቤቱ ግን ያፈሳል!

መጀመሪያ ሰሞን ጉብኝቱ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ከገበያው በላይ ካለው የነጋዴ ቤት ይነሳና፣ የእንጨት ደረጃውን እያስነካ፣ በየግቢው የመጠጥ ውሃ እየለመነ፣ መጨረሻ ላይ እዚህ በረንዳ ላይ ያሳርፋቸዋል። ከዚያ የነጋዴው ቤት ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። መንገዱ ሲሰፋ ሌሎቹም ተከተሉ። ጉብኝቱም እያጠረ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎችን በሩ ላይ ተቀብሎ እዚችው በረንዳ ላይ አቆማቸውና «አበቃ» አላቸው። ተማሪዎቹ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ።

«ዘርፌ፣ ይቺ ብቻ ቀረች» አላት ሲሄዱ።

አንድ የእድሩ ሰው ምሰሶውን በመጋዝ መገዝገዝ ጀመረ። ዘርፈሽ ብድግ አለች። ወርቂቱ ቀሚሷን ልትይዝ እጇን ብትዘረጋም አልደረሰችባትም።

«ተዉ!»

«ማሎ፣ እባክሽ ዘርፈሽ፣ ለእሱ ክብር ብለን እኮ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ ደንግጠው።

«እርስዎም አንድ እሁድ አብረውት ዞረዋል። ጉብኝቱን የት ነበር የሚጨርሰው?»

ሽማግሌው ከጭልሞ ደን የመጣውን የጥድ ምሰሶ ከሥር እስከ ላይ አዩት።

«እዚህ» አሉ።

«ታዲያ እሱን ቀበራችሁ፣ ይህን ለምን ትቀብሩብኛላችሁ? ሰው መንገድ ላይ ይቀመጥ! ዝናብ ይምታው! የመጣው ሁሉ ቆሞ ያልቅስ!»

ትናንት በቀብሩ ላይ ያልመጣላት ለቅሶ አሁን መጣ፤ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አነባች። ኦቦ ዲንሳ መጋዙን ከሰውየው እጅ ወሰዱ።

ምሰሶው ጣት የሚያስገባ ያህል ተቆርጧል። ዘርፈሽ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ቁስሉ ላይ ጠመጠመችውና አጥብቃ ቋጠረችው።