ምን ጎደለዎት?

ዋሂዳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ለሦስተኛ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። የጋሽ ባዘዘው ስም የለም። የራሷን አልፈለገችም፤ የሰባት ወር እርጉዝ ብትሆንም ወጣት ናት፣ ትችላለች። ዳንግላ ያለው ይህ ትምህርት ቤት በተፈናቃይ ከሞላ ሁለት ወሩ ነው። እህል የሚመጣው መንገድ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ ዛሬ የደረሰው ዱቄት ለአቅመ ደካሞች ብቻ ይታደላል ተብሏል። ታዲያ ሁለት ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ካልደከሙ ማን ሊደክም ነው?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ጠዋት መዝጋቢው ይሄነው ክፍላቸው ገብቶ፣ «አባባ፣ ምን ጎደለዎት?» ሲላቸው ከምንጣፉ ብድግ አሉለት። «ምን ይጎድለኛል ልጄ፣ ተመስገን ነው። እናንተ ቤት ደህና ናችሁ?» ዓይናቸው ክፍት ነውና ልጁ አለማየታቸውን እንኳ ሳያውቅ የሰማውን ጽፎ አለፈ።

ጋሽ ባዘዘው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአባቷ ጋር በሰፈራ ቆላ ወርደው፣ ጎን ለጎን ያረሱ ጎረቤት ናቸው። አባቷ ሲሞት አደራ ያላት እሳቸውን ነው። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ ግቢው በር ገሰገሰች።

ይሄነው የእንጅባራ ሚኒባስ ሳያመልጠው መናኸሪያ ለመድረስ ባጃጅ እየተሳፈረ ነበር።

«ወንድሜ፣ ጋሽ ባዘዘውን ረሳሃቸው።»

«አልረሳሁም። ምንም አልጎደለኝም አሉ። ደንቡ በራሱ አፍ የተናገረ ይጻፍ ነው የሚለው፤ ያላሉትን ብጽፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አንተስ እናትህ ቤት፣ በእንግዳ ፊት ራበኝ እያልክ ነው ያደግኸው?»

ይሄነው አንድ እግሩ ባጃጁ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ወረደና ተከተላት።

ክፍሉ ውስጥ ዋሂዳ ሽማግሌውን ትከሻቸውን ይዛ፣ «ጋሽ ባዘዘው፣ ዛሬ እንኳ ያለብዎትን ይናገሩ» አለቻቸው።

«አባባ፣ በቀን ስንቴ ይበላሉ?» አለ ይሄነው።

«ከሰው እኩል፣ ተመስገን።»

ዋሂዳ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች፤ መቆም አልቻለችም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እህልም እንደማይገባ የሚነግርልኝ ባገኘሁ አለች በልቧ። የአባቷ አደራ በአንድ ተመስገን ሊሞትባት ነው።

ይሄነው ሰዓቱን አየና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። «እሺ አባባ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት። ሌላ የተቸገረ ሰው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዋሂዳ አዞሩ። «ይቺ ልጅ» አሉ። «እርጉዝ ናት። ለሁለታችን በቀን አንድ ቂጣ ይደርሰናል። ድርሻዎ ነው ብላ ሙሉውን ለእኔ ትሰጥና አጠገቤ ቁጭ ብላ ባዶ አፏን ታላምጣለች። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።» የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ግማሽ ቂጣ ወጣ። እያሳደሩ ጠዋት ጠዋት «ጥርሴ እምቢ አለኝ» እያሉ የሚመልሱላት ግማሽ ነው።

ዋሂዳ የምትገባበት ጠፋት። ይሄነው መዝገቡን ገልጦ ወደ እሷ አዞረው። ከስሟ ጎን በራሱ እጅ «ምንም አልጎደላትም» ተብሎ ተጽፏል።

«ጠዋት ስጠይቅሽ አልሀምዱሊላህ ነው ያልሽኝ፣ እህቴ።» እስክሪብቶውን አነሳ። «እንደገና ልጠይቅሽ። ምን ጎደለሽ?»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ይሰማሉ። ፊቷ በእፍረት ጋለ፣ እንባዋም መጣ።

«ራበኝ» አለች።

ጋሽ ባዘዘው ቂጣውን በእጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔንም» አሉ።