በጫማ የተመረጠ ፔዳል

ከፈለኝ በጫማው አፍሮ አያውቅም፤ የሚያፍረው ጫማው ውስጥ ባለው ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያዋ ደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ፣ አሉሚኒየም ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ በብረት አፍንጫ ሴፍቲ ጫማ ቆሞ የዋለ ሰው፣ ካልሲው ምን እንደሚሸት ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልግም። አውራ ጣቱም ካልሲውን ቀድዳ ከወጣች ሰነባብታለች። ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ከተማ ኮበር የሄደው በዚሁ እግሩ ነው።

የሄደውም ለዘሩባቤል ሰርግ የሚሆን ዋዋ ፔዳል ሊመርጥ ነው። ዘሩባቤል ደማም ወደብ ጭነት ያወርዳል፤ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውን መታሰቢያን ሊያገባ ቀኑን ቆርጧል። ድግሱ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ቀን የተከራዩት እስቲራሃ፣ ማለትም አጥር ያለው የእንግዳ አዳራሽ፣ ጥቂት ወዳጆች፣ በቃ። መታሰቢያ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ግን አንድ ነገር ነበር። እንደዚያ እንደ ድሮው ዘፈን፣ ጊታር እንደ ሰው አፉን እየከፈተና እየዘጋ «ዋው፣ ዋው» እያለ ወደ ሙሽርነት ወንበሯ እንዲያስገባት ትፈልጋለች። ያንን ድምፅ የሚያወጣው በእግር የሚረገጠው ዋዋ ፔዳል ነው። ጊታሩ ያለው ደግሞ ከፈለኝ ጋ ነው። ከፈለኝ ድሮ አዲስ አበባ የምሽት ክበብ ውስጥ ይጫወት ነበር፤ ይህን ከአፉ ያልሰማ ሐበሻ ደማም ውስጥ ካለ፣ ገና ትናንት የገባ መሆን አለበት።

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ፊሊፒኖው ሻጭ ለከፈለኝና አብሮት ለመጣው ለዘሩባቤል ሁለት ፔዳል አወጣ። አንደኛው ጥቁር፣ ከባድና የድሮ ዓይነት ነው፤ የሚሠራው ጫፉን በኃይል ረግጠው ከሥሩ ያለው ማብሪያ ቀጭ ሲል ብቻ ነው። ሌላኛው ማብሪያ የለውም፤ እግር ሲያርፍበት ይነሳል፣ እግር ሲለቀው ይጠፋል። ከፈለኝ ጊታር አነገተና ጥቁሩን በሴፍቲ ጫማው ደቆሰው። ቀጭ አለ፣ ክሩም ማላዘን ጀመረ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ የሳዑዲ ወጣቶች ዞር ብለው ሲያዩት ደረቱ ተነፋ። ሁለተኛውን ለወጉ ያህል ነካ አደረገው፤ በዚያ ወፍራም ሶል ምን ይሰማዋል?

«ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ እስቲራሃው እኮ ሙሉው ምንጣፍ ነው» አለው ዘሩባቤል ቀስ ብሎ። «ሃሪሱ፣ ጠባቂው፣ በር ላይ ቆሞ ጫማ ሳያስወልቅ ማንንም አያስገባም። እስቲ አውልቀህ ሞክራቸው።»

ሻጩም ነገሩ ገብቶት ፔዳሎቹን ሊያስተካክልለት እግሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ከፈለኝን ላብ አጠመቀው። የሻጩ አፍንጫ ያለው እዚያው ጫማው አጠገብ ነው። ጎንበስ ብሎ «እግሬ ይሸታል፣ ወንድሜ» ቢለው እኮ ዘሩባቤል ስቆ ያልፈው ነበር፤ እሱስ የሚውለው በምን ዓይነት ጫማ ሆነና? ከፈለኝ ግን በእፍረት ፋንታ ቁጣ መዘዘ።

«አንተ ስለ ጊታር ምን ታውቃለህ? ካርቶን ስትሸከም የምትውል ሰው! ሙዚቀኛ ጫማ የሚያወልቀው ሲተኛ ነው። ጥቁሩ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

ዘሩባቤል ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ። ጥቁሩን ገዛውና ለከፈለኝ አስታቀፈው። «ከሰርጉ በኋላም ያንተው ነው፣ ጋሼ። የኔና የመታሰቢያ ስጦታ ይሁን» አለው።

ከፈለኝ የሚያድርበት የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ በፈረቃ የሚተኛ ሰው ስለማይጠፋ ጊታር በስፒከር አይሞከርም። በዚህ ሰበብ ፔዳሉ እስከ ሰርጉ ቀን ከካርቶኑ አልወጣም። አርብ ከሰዓት በኋላ ራሱ ሙሽራው፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ ስፒከሩንም ፔዳሉንም ከመኪና አውርዶ አስገባለት። ከፈለኝ በበኩሉ አዲስ ካልሲ ገዝቶ ነበርና ሃሪሱ ፊት ጫማውን ያወለቀው በኩራት ነው።

መታሰቢያ ነጭ ለብሳ በር ላይ ብቅ አለች። አሠሪዋ ማዳሟ የፈቀደችላት እስከ መግሪብ፣ እስከ ፀሐይ መግቢያ ሶላት ድረስ ብቻ ስለሆነ የሚባክን ጊዜ የለም። እልልታው ቀለጠ። ዘሩባቤል ሊቀበላት ወደ በሩ ሲራመድ ከፈለኝ ፔዳሉን ረገጠ። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ደግሞ ረገጠ። ፔዳሉ ወፍራሙ ምንጣፍ ውስጥ ሰመጠ እንጂ ማብሪያው ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛውን በተረከዙ ዘሎ ሲያርፍበት ካልሲው አዳለጠው፤ ፔዳሉ ተፈናጥሮ ገመዱን ጎተተና ስፒከሩ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ለቀቀ። እንግዳው ጆሮውን ያዘ። እልልታው ተቋረጠ። መታሰቢያም የቀሚሷን ጫፍ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች።

ዓይን ሁሉ ከፈለኝ ላይ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያኔ ነው አፉ ልቡን የቀደመው።

«ጥሎት ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ዘሩባቤል ከመኪና ሲያወርደው ጥሎት ነው! እቃ እንደ ስሚንቶ ይጣላል እንዴ?»

ዘሩባቤል ግማሽ መንገድ ላይ ዞሮ አየው። ያልጣለው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ከፈለኝ ያንን ዓይን መቋቋም አቅቶት የጊታሩን ክር የሚቃኝ መሰለ።

«አዎ፣ ከእጄ አምልጦኝ ነበር» አለ ዘሩባቤል ለእንግዶቹ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አሁን ይሠራል።»

ተመለሰና ሱፉን እንደለበሰ ከፈለኝ እግር ሥር ተንበረከከ። ገመዱን ሰካ፣ ማብሪያውን በሁለት መዳፉ ተጭኖ ቀጭ አደረገው። «አንተ ምታ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ ሳያየው። ከፈለኝ መታ። ዘሩባቤል ፔዳሉን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ አጫወተው። ድምፁ መታሰቢያ የተመኘችው ድምፅ ነበር። እሷ ግን ወደ ወንበሯ የገባችው ብቻዋን ነው፤ ባሏ ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ነበርና። ከፈለኝ ከዚያ በኋላ ምን እንደተጫወተ አያውቅም። ጣቶቹ ይሄዳሉ፣ እሱ የሚያየው የሙሽራውን ጀርባ ነው።

በግብዣው መሃል «ሐሰት ነው የተናገርኩት» ሊል ሁለት ጊዜ ተነሳ። አንዴ ሰው ጎረሰ፣ አንዴ ሰው ጨፈረ፤ ሰበብ አያልቅበትም። ያስቀረው ግን ሌላ አልነበረም፣ ያው እፍረቱ ነው።

መግሪብ ሊባል ሲል የማዳሟ ሹፌር በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። መታሰቢያ ቀሚሷ ላይ አባያ ደርባ እንግዳውን ተሰናበተች። ከፈለኝ ጋ ስትደርስ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እቃህን ስለጣለብህ በጣም አፍሬያለሁ። በሰው ፊት አዋረደህ። ስለኔ ብለህ ይቅር በለው።»

ዘሩባቤል ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል። ከፈለኝ ሁለቱንም አየ። አሁን ከተናገረ መናገር ይችላል፣ ሹፌሩም ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይደል።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አላት።