ማደርና መኖር

ዴሪክ የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ደግሞ፣ ለወረቀቱ ሲባል፣ እኔ ቤት የማይገኝበት ቀን ነበር። ድንች እየላጠ ሳለ ቢላዋው ከእጁ አመለጠ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ተዘረረ። የአምቡላንሱ ሰው ከወለሉ እያነሳው፣ "እዚሁ ነው የሚኖረው?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ "አይ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው፤ የሚኖረው እህቱ ጋ ነው" አልኩ። ሰውየውን ስትሮክ መትቶት፣ አፉ ተጣሞ እያየሁ እንኳ ውሸቱ ቀድሞኝ ወጣ። ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

እንዲህ ያለ ምላስ በአንድ ቀን አይበቅልም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዴሪክ ፍሪጁን በጋሪ እየገፋ ወደ ቤቴ ሲመጣ፣ እኔ ወገቤን ታምሜ ከዓሣ ፋብሪካው የወጣሁ፣ በመንግሥት ድጎማ የምኖር ሴት ነበርኩ። ድጎማው የሚሰጠኝ ብቻዬን ስለምኖር ነው። እሱ በከተማችን በግሪምስቢ ወደብ የሚያገኘው ሥራ ደግሞ አንድ ሳምንት አለ፣ ሁለት ሳምንት የለም። ከእንግዲህ እሱ ያኑርሽ ብባል ሁለታችንም ጦማችንን እናድር ነበር። ያኔ ጎረቤቴ ዊን፣ ማንም ያልሾማት የሰፈራችን ዳኛ፣ ሕጉን አስተማረችኝ።

"ስሚኝ እህቴ" አለችኝ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ሦስት ሌሊት ማደር ነው። አራተኛው መኖር ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድርን ወንድ ማንም ባል ነው አይልሽም።"

እንዲህ የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። ይህን ያወቅኩት ገና አሁን ነው። እኛ ሰፈር ግን ከአሥርቱ ትእዛዛት ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው፤ ግማሹ ጎዳና የሚጋባውም የሚፋታውም በዚሁ ነው። ዴሪክ ሰባቱንም ሌሊት እኔ ጋ እያደረ፣ የሚያድረው አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ብለን ተስማማን። ደብዳቤው የሚመጣው በእህቱ በሞሪን አድራሻ ነው። ምላጩ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ካፖርቱ ከእኔ ቀሚሶች ኋላ፣ ቡት ጫማው ጓሮ ከሰል ቤት። ከድጎማው ቢሮ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ያየ ሰው የለም። እኛ ግን ዕድሜያችንን በሩ አሁን ይንኳኳል እያልን ኖርን።

ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ተኛ። ቀኝ እጁና እግሩ አልተመለሱለትም። ንግግሩ ተመለሰ፤ አእምሮው ግን እንደ አሮጌ ሬዲዮ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ከዚያ መውጣት አለበት ተባለ። ሞሪን ልጇ በሚኖርበት ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝታለታለች፤ ከእኔ ቤት ሦስት አውቶቡስ ያስለውጣል። እኔ ልውሰደው፣ አልጋውን ሳሎን አወርድለታለሁ ብዬ ለመንኳት። ሞሪን አንድም ቀን አንቺ ብላኝ አታውቅም። የምትጠላውን ሰው በአንቱታ ነው የምትገፋው።

"ወይዘሮ ግሌንዳ፣ እርስዎ እኮ ለወንድሜ ምኑም አይደሉም" አለችኝ። "ብቻዬን ነው የምኖረው ብለው በየዓመቱ የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው።

የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሎርና ደግ ልጅ ናት። ፋይሉን ገልጣ አሳየችኝ። አድራሻው የእህቱ ቤት፣ የቅርብ ዘመዱም እህቱ። እኔ የተመዘገብኩት ጠያቂ ወዳጅ ተብዬ ነው። እሱ እንደሆነ አንድ ቀን ግሌንዳ ጋ ውሰዱኝ ይላል፣ በማግሥቱ እናቴ ጋ ውሰዱኝ ይላል። ሎርና፣ አብረን እንደኖርን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ካመጣሁላት እንደምትከራከርልኝ ቃል ገባችልኝ። አንዲት ወረቀት ከየት ላምጣ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደከምነው ወረቀት እንዳይኖር ነው።

ስለዚህ ለድጎማው ቢሮ ልናዘዝ ቆረጥኩ፤ የእነሱ መዝገብ ወረቀት ይሆነኛል። ዊን አበድሽ እንዴ፣ ፍርድ ቤት ያቆሙሻል አለችኝ። መጀመሪያ እሱ ቤቱ ይግባልኝ፣ ከዚያ እኔን የፈለጉበት ያቁሙኝ አልኳት። ወደ ድጎማው ቢሮ ስደውል ለአርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካስኮመኮሙኝ በኋላ አንድ ወጣት አነሳ። የተሳሳተ ማመልከቻ ላስተካክል ነው የደወልኩት አልኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው አብረው የሚኖሩት ሲለኝ ፍሪጁ የመጣበትን ቀን ነገርኩት። በስልኩ ይሰማኝ የነበረው የጣቶቹ ኳኳታ ቆመ። ነገሩ እንደ ወንጀል ሊታይ እንደሚችል ቃል እየመረጠ አስጠነቀቀኝ። ግድ የለህም ጻፈው አልኩት። ሲጽፍ ስሰማ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ የእኔና የዴሪክ ስም በአንድ መስመር ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። የቀረው የእሱ ቃል ብቻ ነው። ጥንድ ሆነው የሚመዘገቡ ሁለቱም በየራሳቸው አንደበት ማረጋገጥ አለባቸው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከድጎማው ቢሮ ወደ ሆስፒታሉ ተደወለ። ሎርና ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ስሙን ጠየቁት፤ አልተሳሳተም። የተወለደበትን ቀን ጠየቁት፤ አልተሳሳተም። የሚኖሩት የት ነው ሲባል ግን ፊቱ በራ። እኔን አየኝና በደህናው ዓይኑ ጠቀሰኝ።

"እህቴ ጋ ነው የምኖረው" አለ፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ጥርት አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። "ግሌንዳ ጋ አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የማድረው።"

ያስጠናሁት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ እኔ ሳህን ሳጥብ፣ እሱ ሲያደርቅ፣ መርማሪ ሆኜ እጠይቀው ነበር። ሲሳሳት በእርጥብ ፎጣ እመታዋለሁ፣ እንስቃለን። እናቱ መሞቷን የረሳ ሰው ይህችን አልረሳም።

እጁን ያዝኩት። "ዴሪክ፣ በቃ አለቀ። እውነቱን ንገራቸው። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።"

ወጣቱ በስልኩ ውስጥ፣ እባክዎ መልስ አይስጡለት አለኝ። ዴሪክ አንገቴን በግራ እጁ ስቦ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"አይዞሽ" አለኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ሹክሹክታ። "አያጠምዱኝም።"

ጥያቄው ተደገመ። እሱም ቃል ሳያዛንፍ ደገመው። ሎርና ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ብዙ ከማደሩ የተነሣ የሚያምነው ጠፋ።

ሰኞ ወሰዱት። ሞሪን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች። እሱ ከኋላ በመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ፤ የተሰጠውን ሥራ በሚገባ የፈጸመ ሰው ኩራት ነበረው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ ማንም ቢያየኝ ደንታ አልነበረኝም። መጦሪያው ድረስ አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩት። ረቡዕ ስለነበር ተቆጣኝ። ሰው ሳያይሽ ቶሎ ሂጂ ብሎ አባረረኝ።

ከወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። ጉዳዬን መርምረዋል። ከማንም ጋር በጥንድነት እንደማልኖር ተረጋግጧል። እስካሁን የተከፈለኝ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ስለተጉላላሁም ይቅርታ ይጠይቃሉ። ዊን አንብባው ስታበቃ፣ "እልል በይ እንጂ፣ ተረፍሽ እኮ" አለችኝ። እስክትሄድልኝ ድረስ ጠበቅኳት።

ከደብዳቤው ጋር የዓመቱ ቅጽ ተያይዟል። ብቻዬን እኖራለሁ ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። ይህን ቅጽ አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜዋለሁ፤ ስፈርም እጄ ያልተንቀጠቀጠበት ዓመት የለም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ዘንድሮ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነት ነበራ።